«ተቆርጦ ወጥቷል፣ አለቀ» ያላችሁ ማን ነው?

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፣ ቆጣም ይላል። ቁጣው በታካሚዎች ላይ አይደለም። በማን ላይ እንደሆነ እያነበባችሁ ትደርሱበታላችሁ፤ እኔም ራሴ አለሁበት።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከመቱ ወጣ ብሎ ካለ ወረዳ አንዲት እናት መጡ። (ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቀውን ነገር ቀይሬዋለሁ።) ዕድሜያቸው ወደ 50 ይጠጋል። ሳል አልለቅ ብሏቸዋል፣ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ወገባቸውን ደግሞ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዛቸዋል። ሦስት ወር ሙሉ የሳል ሽሮፕ፣ ከዚያ አንቲባዮቲክ፣ ከዚያ የወገብ መርፌ ሲወስዱ ቆይተዋል። ደረታቸውን ላዳምጥ ልብሳቸውን ከፍ ሲያደርጉ የግራ ጡታቸው የለም።

«እናቴ፣ ይሄ መቼ ተሠራ?»

«ሁለት ዓመት አለፈው ዶክተሬ። እሱማ አለቀ። ተቆርጦ ወጥቷል።»

«ከዚያ በኋላስ? ኬሞ፣ ጨረር፣ የሚዋጥ ክኒን?»

«ምንም። ድኛለሁ እኮ! ወረቀትም ሰጥተውኛል።»

ወረቀቱን አብራቸው የመጣችው ልጃቸው ከቦርሳዋ አወጣችው። በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከመሬት ይዞታ ደብተሩና ከጤና መድን መታወቂያው ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል። ጥጉ እንኳን አልተጨማደደም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሪፈር ወረቀት ነው። ጅማ ሄደው ኬሞቴራፒ እንዲጀምሩ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲደርሱ ይላል። እሳቸው ግን የመዳናቸው ማረጋገጫ መስሏቸው ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ ልጅ ዲፕሎማ በክብር አስቀምጠውታል።

የሆነ ቦታ፣ የሆነ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ በእኚህ እናት ስም የተከፈተ ፋይል አለ። እዚያ ላይ ምን እንደተጻፈ ሳላየው አውቀዋለሁ፤ «ከክትትል ጠፍታለች»። እኛ ሐኪሞች እንዲህ ነው የምንለው። ታካሚዋ ጠፋች፣ አቋረጠች፣ ምክር አልሰማችም። አንድም ቀን ያልጀመሩትን ነገር እንዴት ነው የሚያቋርጡት? ስልካቸው ካርዱ ላይ ተጽፏል። ቀበሌያቸው ተጽፏል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤታቸውን በእግሯ ታውቀዋለች። እሳቸው ሁለት ዓመት ሙሉ የትም አልሄዱም፤ ቡናቸውን እያደረቁ፣ ቤተ ክርስቲያን እየሳሙ፣ ገበያ እየወጡ ነበር። ፈልጎ ያጣቸው ሰው የለም፤ የፈለጋቸው ሰው ስለሌለ።

ይሄን ስጽፍ ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ አልቀስርም። ገና እንደተመረቅኩ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል (የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም) እኔም እንዲህ ያለውን ወረቀት ጽፌያለሁ። ከውጭ 60 ሰው ተሰልፏል፤ ቁስሉን አየሁ፣ ስፌቱ ደርቋል፣ «በጣም ጥሩ ነው፣ እዚህ ጨርሰሻል፣ ይሄን ይዘሽ ጅማ ትሄጃለሽ» አልኳት። ሦስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እኔ «እዚህ ጨርሰሻል» ስል «የእኛ ድርሻ አበቃ» ማለቴ ነበር። ሴትዮዋ ከዚያ ሁሉ ቃል «ጨርሰሻል» የሚለውን ይዛ ወጣች። አማርኛዋ ከገበያ ንግግር የማያልፍ የኦሮምኛ ተናጋሪ ነበረች፤ የእኔም ኦሮምኛ ያኔ ከ«አከም ጂርታ» ብዙም አያልፍም ነበር። ጅማ ደርሳ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ይሄ ነገር ሌሊት ሌሊት ትዝ ይለኛል።

እንግዲህ «አለቀ» የሚለው ቃል ለምን ውሸት እንደሆነ በግልጽ ልንገራችሁ።

የጡት ካንሰር እብጠቱ ሲወጣ የሚያልቅ በሽታ አይደለም። ጤፍ ያጨደ ገበሬ ይገባዋል፤ ማሳው ባዶ ይመስላል፣ ግን ሲታጨድ የረገፈው ዘር መሬቱ ውስጥ አለ። ዝናብ ሲመጣ ማንም ሳይዘራው ይበቅላል። ቀዶ ሐኪሙ በዓይኑ ያየውንና በእጁ የዳሰሰውን ያወጣል። ነገር ግን እብጠቱ በዳሰሳ ከመታወቁ በፊት ጥቂት የካንሰር ሴሎች በደምና በብብት ንፍፊት በኩል ሾልከው ሄደው ሊሆን ይችላል። እነዚህ በአልትራሳውንድ አይታዩም፣ አያሙም፣ አያሳክኩም። አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴ አሥር ዓመት ተኝተው ሳንባ ላይ፣ አጥንት ላይ፣ ጉበት ላይ ይነሳሉ። የእኚያ እናት ሳልና የወገብ ሕመም ይሄው ነበር።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚታዘዘው ሁሉ እነዚህን ለማሳደድ ነው። ኬሞቴራፒው በደም ውስጥ ገብቶ ሰውነትን በሙሉ ያዳርሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በየ21 ቀኑ፣ ከ4 እስከ 8 ዙር። ጨረሩ ጡቱ የነበረበትን ቦታና ብብቱን ያጸዳል፤ የሚያስፈልገው ለሁሉም ባይሆንም ብብቷ ላይ በሽታ ለተገኘባት፣ እብጠቱ ትልቅ ለነበረ፣ ወይም ጡቷ ሳይቆረጥ እብጠቱ ብቻ ለወጣላት ሴት ግድ ነው። ክኒኑ፣ ታሞክሲፈን፣ ካንሰሩ በኤስትሮጅን ሆርሞን የሚመገብ ከሆነ ምግቡን ይከለክለዋል፤ በቀን አንድ ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ዓመት።

አምስት ዓመት ስል ፊታችሁ ሲለወጥ ይታየኛል። ለጤነኛ ሰው አምስት ዓመት በየቀኑ ክኒን መዋጥ ቀላል አይደለም፣ እስማማለሁ። ግን ምን እንደሚሰጥ ስሙ። ከ21 ሺህ በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸው 20 ጥናቶች ተጠቃለው እ.ኤ.አ. በ2011 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትመዋል። ካንሰራቸው ሆርሞን ተቀባይ ከሆነው መካከል ታሞክሲፈን ለ5 ዓመት ያህል የወሰዱት ሴቶች፣ ካልወሰዱት ጋር ሲነጻጸሩ፣ በ15 ዓመት ውስጥ በጡት ካንሰር የመሞት ዕድላቸው በሦስተኛ ያህል ቀንሷል። አንድ ትንሽ ነጭ ክኒን! በአገራችን በተሠራ ጥናትም ከሦስት የጡት ካንሰር ታካሚዎች የሁለቱ ያህል ካንሰር ለኤስትሮጅን ምላሽ የሚሰጥ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ክኒኑ የፈረንጅ ሴቶች ጉዳይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ከኬሞም ከጨረርም ርካሹ እሱ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ተይዞ ዳሪሙም፣ አልጌ ሳቺም፣ ዲዱም ድረስ ይሄዳል።

ነገሩ የጥቂት ሰዎች ጉዳይም አይደለም። እ.ኤ.አ. ለ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በዚያ ዓመት ብቻ በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በጡት ካንሰር ተይዘዋል፤ 9 ሺህ ያህል ሞተዋል። የሚያዙትም አሮጊቶች አይደሉም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ 1,070 ሴቶች ላይ በተደረገ ጥናት መካከለኛው ዕድሜ 43 ነበር። ማለትም ግማሾቹ 43 ወይም ከዚያ በታች። የምታጠባ፣ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ቡና የምትለቅም ሴት ናት።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልግባ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

በኢሉባቦር አንዲት እናት ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘ ሲባል ቤተሰቡ ይነሳል። እመሰክራለሁ። በሬ ይሸጣል፣ ማር ይሸጣል፣ ከዕቁብ ይወጣል፣ ወንድም ከአዲስ አበባ ይልካል። ቀዶ ሕክምናው ያልቃል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይባላል፣ ቡና ይፈላል። ከዚያ ለሁለተኛው ዙር ኬሞ የጅማ መሳፈሪያ ሲጠየቅ ቤቱ ጸጥ ይላል። በሬ ለመሸጥ ያልሰሰተ ቤተሰብ ለአውቶብስ ይሰስታል! ምክንያቱም በሁሉም ልብ ውስጥ «አለቀ» የሚለው ቃል ገብቷል። ቀዶ ሕክምናው ሕክምና ነው፣ የቀረው «ተጨማሪ» ነው ተብሏል።

ወንድሞቼ፣ ባሎች፣ በዚህ ላይ በቀጥታ ላናግራችሁ። ከመቱ ጅማ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በደሌ ላይ ምሳ በልቶ የሚደረስ መንገድ ነው። እሷ ግን ከኬሞ ስትመለስ ያንን መንገድ የምትመጣው እያቅለሸለሻት፣ ፌስታል ይዛ፣ ማንም ጎኗ ሳይኖር ነው። አድራ የምትመለስበት ገንዘብ ስለሌለ በዚያው ቀን ትሳፈራለች። በማግሥቱ ደግሞ እንስራ ተሸክማ ውኃ ትወርዳለች። ሦስተኛው ዙር ላይ «በቃኝ» ብትል ምን ይገርማል? የጥቅምትና የኅዳር ቀጠሮ ደግሞ ሁሌ ይዘለላል፤ ቡና ለቀማ ነዋ! «ቡናው ይግባና ትሄጃለሽ» ትባላለች። ኬሞ በየ21 ቀኑ የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍተቱ ሲሰፋ ከመጀመሪያው ዙር የተረፉት ሴሎች ጊዜ አግኝተው ያገግማሉ። ቡናው የሚለቅም ጎረቤት አያጣም።

ሁሉም ባል እንዲህ ነው አላልኩም። ከጎሬ ወዲያ ያለ አንድ ገበሬ አውቃለሁ፤ ማንበብ አይችልም፣ ግን ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል 21 መስመር እያሰመረ በየቀኑ አንዱን ይሰርዝ ነበር። ሚስቱ አንድም ዙር አላለፋትም። ስጠይቀው «ዶክተር፣ ላም እንኳን የምትወልድበት ቀን ይቆጠርላታል» አለኝ።

ደግሞ መካሪዎች አሉ። የእነሱ ነገር ነው ደሜን የሚያፈላው።

«እገሊትን ኬሞ ነው የገደላት» የሚሉ አሉ። እገሊት ኬሞ የጀመረችው በሽታው ጉበቷ ከደረሰ በኋላ ነበር፤ ከመጀመሯ በፊት አንድ ዓመት ሥር ስትቀባ፣ ቅጠል ስታስር ከርማለች። ሁሉም የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ወር ነው። ፀጉሯ የረገፈበትን፣ የከሳችበትን። ኬሞ ከባድ መድኃኒት ነው፤ ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። ያቅለሸልሻል፣ ፀጉር ይረግፋል (ይመለሳል!)፣ አፍ ይቆስላል፣ የደም ነጭ ሕዋስ ይቀንሳል። ይሄ የመጨረሻው አደገኛ ነው፤ ኬሞ ላይ ያለች ሴት የሰውነቷ ሙቀት 38 ከደረሰ «ወባ ይሆናል» ብላችሁ አታሳድሯት፣ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል አድርሷት፣ ኬሞ ላይ እንዳለችም ለተረኛው ሐኪም ተናገሩ። አብዛኛው ችግር ግን በጊዜ ከተነገረን የምናስታግሰው ነው። የማቅለሽለሽ መድኃኒት አለ። የመጠን ማስተካከያ አለ። ቤት ቁጭ ብሎ «አልቻልኩም» ለተባለ ነገር ግን መድኃኒት የለንም፤ አልሰማነውማ።

«እምነት ካለሽ ክኒኑን ጣይው» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱኝ። ጸበል ተጠመቁ፣ ዱዓ አስደርጉ፣ ጸሎት ቤት ሂዱ። አንድም ቀን ታካሚዬን ከዚህ ከልክዬ አላውቅም፤ የሚያጽናና ነገር ሁሉ ለበሽተኛ ጉልበት ነው። ክኒኑን በጸበሉ ብትውጠው ማንም አይከለክላትም። እኔ የምጣላው እምነቷን ለመፈተን ክኒኗን ከሚያስጥላት ሰው ጋር ነው። ያንን ሰው አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ የራሱን የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ጥሏል ወይ? እኔ ከእነዚህ መካሪዎች አንዱን ጠይቄው ኪሱን ዳሰሰ እንጂ አልመለሰልኝም።

ሥር አዋቂዎችንም ልጨምር። ከኬሞ ጋር ተደርቦ የሚጠጣ ማንኛውም ሥር ወይም ቅጠል ጉበትን ሊጎዳ ይችላል። የምትጠጡት ነገር ካለ አትደብቁን፤ አልቆጣም፣ ማወቅ ግን አለብኝ።

ስለ ታሞክሲፈን ሴቶች በሹክሹክታ የሚጠይቁኝን ደግሞ እዚህ በአደባባይ ልመልስ፤ ብዙዎች ክኒኑን የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት ነውና። አዎ፣ ድንገት ፊትና ደረት ላይ እሳት የመሰለ ሙቀት ይለቃል፣ ሌሊት ያልባል። ጊዜ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቆማል። ማኅፀን ላይ ካንሰር ያመጣል የሚል በማሸጊያው ውስጥ ያለ ወረቀት ላይ አንብበው የሚደነግጡ አሉ፤ አደጋው አለ፣ ግን ትንሽ ነው፣ በተለይ የወር አበባቸው ገና ባልቆመ ሴቶች ላይ። ክኒኑ ከሚከለክለው ሞት ጋር አይወዳደርም። ከማረጥ በኋላ ደም ካየሽ፣ ወይም አንድ እግርሽ ብቻ ካበጠና ካመመሽ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቂ ነይ።

ሌላው በየጤና ጣቢያው የሚዘነጋ ነገር ነው። ክኒኑ የወር አበባን ስላቆመ እርግዝናን ይከላከላል ብለው የሚያስቡ አሉ። አይከላከልም! ታሪኩ ራሱ አስገራሚ ነው፤ ታሞክሲፈን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በእንግሊዝ ሲሠራ የእርግዝና መከላከያ ይሆናል ተብሎ ነበር፤ ሲሞከር ጭራሽ እንቁላል እንዲለቀቅ የሚያደርግ ሆኖ ተገኘ። ፅንስ ላይ ደግሞ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ መከላከያ ያስፈልጋል፣ ግን የሦስት ወር መርፌውና ክንድ ላይ የሚቀበረው ሆርሞን ስለሆኑ የጡት ካንሰር ለነበረባት ሴት አይሆኑም። ሉፕ ወይም ኮንዶም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ይሄን አንብባችሁ ከሆነ መርፌ ከመውጋታችሁ በፊት «ጡትሽ ታክሞ ያውቃል ወይ?» በሉልኝ። ልጅ መውለድ የምትፈልግም ካለች ክኒኑን በራሷ ከማቆም ትንገረን፤ መቼና እንዴት እንደሚሆን አብረን እናቅዳለን።

«ዶክተር፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ የለንም» የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እውነት ነው፤ ድህነትን በምክር አላጠፋውም። ግን ሁለት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁ መታወቂያው መታደሱንና የሪፈር ሰንሰለቱ ያለመዝለሉን አረጋግጡ፤ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ወደ ጅማ። በግል ሚኒባስ በቀጥታ ጅማ ሄዳችሁ ያለ ሪፈር ብትቀርቡ ከኪሳችሁ ትከፍላላችሁ። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ከሆነ ደግሞ እንደ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ፣ ከክልል የሚመጡ የካንሰር ታካሚዎችን የሚያሳርፉ ድርጅቶች አሉ፤ ሳትጠይቁ አትቅሩ። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማም ስለተጀመረ የእኛ አካባቢ መንገድ በግማሽ አጥሯል። ከመሳፈራችሁ በፊት ግን በስልክ አረጋግጡ፣ ማሽን ይበላሻልና።

ሁለተኛው ከገንዘቡም ይብሳል። «ሁሉን ካልቻልኩ ምንም አላደርግም» የሚል ሐሳብ አለ። ኬሞ ያቃታት ሴት ታፍራለች፣ ሐኪሟ የሚቆጣት ይመስላታል፣ እና ለክኒኑም አትመጣም። እህቴ፣ አራት ዙር አቅቶሽ ሁለት ከወሰድሽ፣ ጨረሩ ካመለጠሽ፣ ስድስት ወር ካቋረጥሽ፣ ያው አሁንም ነይ። እውነቱን ተናግረሽ የምንሠራው ዕቅድ ጥሩ ሆኖ ማንም ከማይከተለው ዕቅድ ይሻላል። ካንሰርሽ ሆርሞን ተቀባይ ከሆነ ክኒኑ ብቻውን እንኳን ብዙ ይጠቅማል። ለዚህ ግን ከቀዶ ሕክምናው የተወሰደው ሥጋ የተመረመረበት ውጤት ያስፈልጋል። ናሙናው ተልኮ ሳምንታት ይፈጃል፣ ብዙዎቻችሁም ቁስሉ ስለደረቀ ውጤቱን ሳትቀበሉ ትቀራላችሁ። ሄዳችሁ ተቀበሉ። ፎቶ አንስታችሁም በስልካችሁ አስቀምጡት።

እና እኛስ? ለሥራ ባልደረቦቼ የማነሳው ይሄ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ በ8 ሆስፒታሎች የተሠራ አንድ ጥናት አለ። በግማሾቹ ሆስፒታሎች ነርሶች ስለ ጡት ካንሰር ሠለጠኑ፤ ሴቶቹን ቁጭ አድርገው ያስረዳሉ፣ ቀጠሮ ሲያልፍ ይደውላሉ። በሌሎቹ እንደ ወትሮው ተሠራ። ከአንድ ዓመት በኋላ ነርስ ባላቸው ቦታዎች ታሞክሲፈናቸውን በአግባቡ የወሰዱት ከ10 ሰባት ያህል ነበሩ፤ በሌሎቹ ከ10 አምስትም አልሞሉ። አዲስ ሕንፃ የለም፣ አዲስ ማሽን የለም። አንዲት የሠለጠነች ነርስና ስልክ። የአየር ሰዓቱ ከአንድ ጥንድ ጓንት ብዙም አይበልጥም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጀመረው የጡት ካንሰር ዘመቻ ከ100 ታካሚዎች ቢያንስ 80ዎቹ ሕክምናቸውን እንዲጨርሱ ግብ አስቀምጧል። እኛ ስንቶቹ እንደሚጨርሱ እንኳን ሳንቆጥር «ጠፍታለች» ብለን ፋይል እንዘጋለን።

ስለዚህ በየሆስፒታላችን አንዲት ነርስ ይሄ ሥራዋ ይሁን። የሪፈር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ሦስት መስመር በኦሮምኛና በአማርኛ ይጻፍ፤ ሕክምናው አላለቀም፣ በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ሂጂ፣ ካልቻልሽ በዚህ ስልክ ደውዪ። ክኒኑ በየወሩ ሳይሆን የሦስት ወር ይሰጥ፤ ከዶራኒ በየወሩ ለ30 ክኒን የምትመጣ ሴት መንገዱ ራሱ መድኃኒቷን ያስጥላታል። ክረምት ላይ መንገዱ ሲበላሽማ ሁላችንም እናውቀዋለን። ይሄን እኔ በምሠራበት ክፍል ወረቀቱን በመጻፍ ጀምሬዋለሁ፤ የነርሷን ነገር አስተዳደሩ «እናያለን» ብሏል። እየጠየቅኩ ነው።

እናንተም ጠይቁ። ቁስሉ ሲደርቅና ሐኪሙ «ጨርሰሻል» ሲል ከወንበሩ አትነሱ። «ቀጥሎስ? ኬሞ ያስፈልገኛል? ጨረርስ? ክኒንስ? የሥጋው ውጤት መቼ ይደርሳል? ወረቀቱ ምን ይላል፣ ይነበብልኝ» በሉ። ሐኪሙ ቢቸኩልም ይመልስ፤ ግዴታው ነው። ሕክምናውን የጨረሳችሁም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ ከዚያ በረዘመ ልዩነት መታየት አለባችሁ። በመካከል የማይለቅ ሳል፣ የአጥንት ሕመም፣ የራስ ምታት፣ የቆዳ ቢጫ መሆን፣ ቀዶ ሕክምናው ጠባሳ ላይ ወይም በሌላው ጡት ላይ አዲስ እብጠት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። የምትታዩበት ሐኪም ጡታችሁ መታከሙን ካላወቀ እናንተ ንገሩት። እኚያ እናት ሦስት ወር የሳል ሽሮፕ የጠጡት ማንም ልብሳቸውን ገልጦ ስላላያቸው፣ እሳቸውም «እሱ አልቋል» ብለው ስላልተናገሩ ነው።

እሳቸው አሁን በሽታው ሳንባቸውና አከርካሪያቸው ላይ ነው። ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ ብዬ አልዋሸኋቸውም። ሕመሙን ማስታገስ፣ በሽታውን ማዘግየት፣ ዕድሜ መግዛት ግን ይቻላል። ወረቀቱን ለልጃቸው በኦሮምኛ አነበብኩላት፤ ኦሮምኛዬ አሁን ለዚህ ይበቃል። አልቅሳ ስትጨርስ ወረቀቱን ተቀበለችኝና አዲሱን የጅማ ቀጠሮ ጀርባው ላይ በራሷ እጅ ጻፈችው። ለቀማ ላይ ነው የዋለው። ታላቅ ወንድሟ ቡናው ላይ ይቀራል፣ እሷ ከእናቷ ጋር ትሄዳለች።

ቤታችሁ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የሐኪም ወረቀት ያለ ሁሉ ዛሬ ማታ አውጡትና ቀኑን ተመልከቱ። ማንበብ ካልቻላችሁ በአቅራቢያችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይዛችሁ ሂዱና አስነብቡት። ወይም ፎቶ አንሡና በገጹ የግል መልእክት ላኩልኝ፤ ምን እንደሚል እጽፍላችኋለሁ። አስተያየት መስጫው ላይ አትለጥፉት፣ ሰው ሁሉ ያየዋል። ስሙንና የካርድ ቁጥሩን በጣታችሁ ሸፍኑት።